ቢላዋውና ማኅተሙ፦ የጎንደር ሙስሊሞች ሥጋ በእምነትና በጤና ሚዛን

ጎንደር ላይ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች ቡና ተጠራርተው ይጠጣሉ። እንጀራው፣ ሽሮው፣ ማሩ፣ ወተቱና ቅቤው ከቤት ቤት ይሻገራል። ሥጋ ሲመጣ ግን ገበታው ይለያል። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በግ ወይም ወይፈን ለይቶ ይሰጣል። እነሱም በራሳቸው ሰው ያርዱታል፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው ከደስታው ይካፈላሉ። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያን ወዳጆቹ እንዲሁ ያደርጋል። ሥጋ ቤቶችም በራቸው ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ በማሳል ማን ያረደውን እንደሚሸጡ ያስታውቃሉ።

ይህ ልማድ ለአንድ ጥያቄ ጥርት ያለ መልስ ይሰጣል፤ ጥያቄውም «ማን፣ እንዴት አድርጎ አረደው?» የሚለው ነው። ሌላም ጥያቄ አለ፦ «ከብቱ ጤነኛ ነበር ወይ? ሥጋውስ ተመርምሯል ወይ?» ብዙ ሰው የፊተኛው ከተመለሰ የኋለኛውም አብሮ የተመለሰ ይመስለዋል። ይህ ዳሰሳ የሁለቱን ጥያቄዎች ታሪክ፣ በየበኩላቸው የሚቀርቡትን አቋሞችና ማስረጃዎች፣ እንዲሁም እስከ ዛሬ ያልተቋጩትን ነጥቦች ይቃኛል።

የገበታው መለያየት ከየት መጣ?

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሯት ጎንደር ወደ ምፅዋና ወደ ስናር የሚዘልቁ የንግድ መንገዶች የሚገናኙባት መናገሻ ሆነች። የሩቁን ንግድ በአብዛኛው የያዙት ጀበርቲ የሚባሉት ሙስሊሞች ነበሩ። ቤተ መንግሥቱ ነጋዴዎቹን ይፈልጋቸዋል፤ ቤተ ክህነቱ ደግሞ ከምእመናኑ ጋር እንዲቀላቀሉ አይሻም። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ሙስሊሞቹ ከከተማው በታች፣ ከቀሐ ወንዝ ማዶ ተቀመጡ። ሰፈሩ እስላም ቤት ይባል ነበር፤ በኋላ አዲስ ዓለም ተባለ። ርስት የመያዝ መብት ስላልነበራቸው ኑሯቸው በንግድና በሽመና ላይ ቆመ።

እንግዲህ በአንድ ከተማ ሦስት የእርድ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ኖረዋል። ክርስቲያኑ እንስሳውን ወደ ምሥራቅ አዙሮ የሥላሴን ስም ጠርቶ ያርዳል። ሙስሊሙ ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ መካ፣ አዙሮ የአላህን ስም ጠርቶ ያርዳል፤ ከጎንደር ሲታይ ቂብላው ሰሜን ሆኖ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ አቅጣጫ ነው። ቤተ እስራኤሉም የራሱን ወገን እርድ ብቻ ይበላ ነበር። ሦስቱም የአሳማ ሥጋ አይቀምሱም፣ በክት ይጸየፋሉ፣ ደም አይበሉም። ስለዚህ በዋናነት የለያያቸው የሚበሉት እንስሳ ዓይነት አልነበረም። የለያያቸው የአራጁ ማንነትና የጠራው ስም ነው።

ልዩነቱ በሰላሙ ጊዜ የጉርብትና ሥርዓት ሆኖ ኖረ፤ በክፉ ቀን ግን የሃይማኖት መፈተኛ ሆነ። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት በነበረው በኢማም አሕመድ ዘመቻ ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ ሌላው ወገን ያረደውን ሥጋ የበላ ሰው ሃይማኖቱን እንደለወጠ ይቆጠር ነበር። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ባወጁ ጊዜ ከጎንደር ሙስሊሞች ብዙዎቹ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በዚያ ጊዜ ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ መብላት ለመጠመቅ ምስክር ነበር፤ እምቢ ማለት ደግሞ በእስልምና የመጽናት ምልክት። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ኤሎይ ፊኬ ሥጋ በኢትዮጵያ የሁለቱ ሃይማኖቶች ድንበር ምልክት ስለሆነበት መንገድ ጽፏል። የጎንደር ሙስሊሞችን የአሥራ ዘጠነኛውና የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ደግሞ አብዱሰመድ አሕመድ በስፋት አጥንቶታል።

የሃያኛው ክፍለ ዘመን ለውጥ በየደረጃው መጣ። የጣሊያን ወረራ መንግሥት ለራሱ ፖለቲካ ሲል ሙስሊሞችን አቀረበ፣ መስጊዶችም አሠራ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የወጣው ታላቅ ሰልፍ የሃይማኖት እኩልነትን ጠየቀ፤ ደርግም የእስልምና በዓላትን ብሔራዊ በዓል አደረገ። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በ1968 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በአዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኘው ግን በ2012 ዓ.ም.፣ በአዋጅ ቁጥር 1207 ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከጎንደር ከተማ ነዋሪ 11.8 በመቶው ሙስሊም ነበር። በደጋው ቁጥሩ ያንሳል እንጂ ሙስሊም አልጠፋም፤ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ገብስ እያረሰና ከብት እያረባ የኖረው፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ የተዛወረው የግጭ መንደር ሕዝብ ሙስሊም ነው።

መጽሐፉ ምን ይላል? ልማዱስ?

ከኢትዮጵያ ውጭ ያለ አንባቢ የሚደነቀው እዚህ ላይ ነው። ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳ 5ኛ አንቀጽ የመጽሐፉ ሰዎች፣ ማለትም የአይሁድና የክርስቲያኖች፣ ምግብ ለሙስሊሞች የተፈቀደ መሆኑን ይናገራል፤ አብዛኞቹ ሊቃውንትም ይህ ያረዱትን ሥጋ እንደሚጨምር ተስማምተዋል። ታዲያ የጎንደር ሙስሊም የክርስቲያን ጎረቤቱን በግ ለምን አይበላም? ለዚህ የሚቀርቡት መልሶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ፈቃዱን በሰፊው የሚወስድ ነው። የግብፁ ሙፍቲ ሙሐመድ ዓብዱህ በ1903 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ለነበሩት የትራንስቫል ሙስሊሞች በሰጠው ዝነኛ ፈትዋ ክርስቲያኖች ያረዱትን መብላት ፈቅዷል። የሱፍ አልቀርዳዊም በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ሐላልና ሐራም በሚያወሳ መጽሐፉ ወደዚሁ አቋም ያዘነብላል።

ሁለተኛው ፈቃዱን በቅድመ ሁኔታ ያስረዋል። እዚያው ሱራ 3ኛው አንቀጽ ከአላህ ሌላ ስም የተጠራበትን እርድ ይከለክላል። የኢትዮጵያ ክርስቲያን ደግሞ ሲያርድ ድምፁን አሰምቶ ሥላሴን ይጠራል። አራጁ የሚለውን በጆሮው የሰማ ሙስሊም ከፈቃዱ ይልቅ ክልከላውን ማስቀደም አለበት ይላሉ የዚህ አቋም ባለቤቶች። በዚህ ላይ መዝሀቦቹ፣ ማለትም የእስልምና የሕግ ትምህርት ቤቶች፣ ስም በመጥራት ግዴታነት አይስማሙም። ሻፊዒዎች ሱና ነው ይላሉ፤ ሐነፊዎች ሆን ተብሎ ከተተወ ሥጋውን አይፈቅዱም። በኢትዮጵያ ሁለቱም መዝሀቦች ተከታይ ስላላቸው ለአገሩ ሁሉ የሚሆን አንድ መልስ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው መልስ የታሪክ ነው። ሥጋ መብላት ሃይማኖት መለወጥ ሆኖ በተቆጠረበት አገር፣ በፊቅህ (በእስልምና ሕግ) የተፈቀደውን መተው ራስን ማቆያ ነበር ይላል። በክርስቲያኑም ዘንድ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ከምግብ የተከለከሉት ለጣዖት የተሠዋ፣ ደምና ታንቆ የሞተ ናቸው፤ ሙስሊም ያረደው በስም አልተጠቀሰም። ክልከላውን ያጠነከረው ኋላ የመጣው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትና ልማድ ነው።

ማስረጃው ሲመዘን ሁለተኛውና ሦስተኛው መልስ ይደጋገፋሉ። ልማዱ ከመጽሐፉ ይልቅ ጥብቅ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሆኖም መሠረት የለሽ አይደለም። ከሁሉም በላይ ግን ከሦስቱ አንዱም ስለ ሥጋው ጤንነት አይናገርም።

ቢላዋው የሚያስቀረው፣ ቢላዋው የማያስቀረው

«ሐላል ማለት ንጹሕ ማለት ነው፤ ሌላ ምርመራ ምን ይሠራል?» የሚል ክርክር በየገበያው ይሰማል። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም። ሸሪዓው በክት ይከለክላል፤ በበሽታ የሞተ ከብት ሥጋ ወደ ድስት እንዳይገባ ያደርጋል። የፈሰሰ ደም መብላትንም ይከለክላል። አራጁ ቢላዋውን ስሎ የአየርና የምግብ ቧንቧውን ከአንገቱ የደም ሥሮች ጋር በአንድ ጊዜ ስለሚቆርጥ ደሙ በፍጥነት ይወርዳል። ለዒድ አል አድሐ ኡዱህያ (መሥዋዕት) የሚቀርብ እንስሳም ዓይኑ በግልጽ የታወረ፣ በሽታው በግልጽ የሚታይ፣ አንካሳነቱ የጎላ ወይም መቅኔው እስኪደርቅ የከሳ እንዳይሆን ሐዲሱ ያዛል። ይህ ትእዛዝ አንድ የእንስሳት ሐኪም ከእርድ በፊት በዓይኑ ከሚያየው ጋር ይገጥማል።

ወሰኑ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። የኮሶ ትል ዕጭ በበሬ መንጋጋ፣ ልብና ምላስ ሥጋ ውስጥ ሩዝ በምታህል ከረጢት ተሸሽጎ ይቀመጣል፤ ደም በማፍሰስ አይወጣም። የሚሞተው ሥጋው እስከ ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲበስል፣ ወይም ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ለ10 ቀን ሲቀዘቅዝ ነው። ሸሪዓው ጥሬ ሥጋን በስም ስላልከለከለ፣ ሐላል ቁርጥ የበላ ሰው ከኮሶ የሚድንበት ምክንያት የለም። የከብት ሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ለቢላዋ አይሸነፍም።

ከሁሉ የሚከፋው በጓሮ የሚታየው ነው። በጉ ታርዶ ሆዱ ሲከፈት ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይገኛል። ባለቤቱ ያንን ቆርጦ ደጅ ለቆመው ውሻ ይወረውራል፤ የተረፈውን ጉበት ይጠብሳል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ዕጭ በውሻው አንጀት ትል ይሆናል። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ሣርና አትክልት ላይ ይወድቃል፣ በልጆች እጅም ይገባል። ሰው ላይ ሲያድግ በጉበት ወይም በሳንባ ውስጥ ዓመታት የሚፈጅ እብጠት ይሆንና ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይነሣም። እዚህ ላይ የታረደው በምን ስም እንደሆነ ለውጥ አያመጣም፤ ሰውን የሚጎዳው ለውሻው የተወረወረው ቁራጭ ነው።

ሃይማኖቱና ሕክምናው ጨርሶ የሚለያዩበት አንድ ነጥብም አለ። የታመመ ከብት ነፍሱ ሳትወጣ ከተደረሰበት በፊቅህ ማረድ ይቻላል፣ ሥጋውም ሐላል ይሆናል። በሕክምና ዓይን ግን በድንገት የወደቀ ከብት አባ ሰንጋ ይዞት ሊሆን ስለሚችል ቢላዋ ሊነካው አይገባም። ደሙ ሲፈስ ጀርሙ አየር ያገኝና ለዓመታት በአፈር ውስጥ የሚቆይ፣ እሳት በቀላሉ የማይገድለው ዘር ይሆናል። ገበሬው «ሳይበክት እንድረስለት» ብሎ ሲሮጥ ሐላሉን ያተርፋል፤ ራሱን፣ አራጁንና በላተኛውን ግን ለአደጋ ያጋልጣል። ራስን ወደ ጥፋት አለመጣል በእስልምና ትእዛዝ ስለሆነ፣ ይህንን ልዩነት ለሕዝቡ ለማስረዳት ከሐኪሙ ይልቅ ዑለማው ይቀርባል።

የማኅተሙ አቅምና ወሰን

በሌላው ወገን «ቄራ ገብቶ ማኅተም የተመታበት ሥጋ ይበቃል» የሚለው የሕዝብ ጤና አቋም ቆሟል። ኢትዮጵያ የሥጋ ምርመራ አዋጅ ያወጣችው በ1962 ዓ.ም. ሲሆን ቁጥሩ 274 ነው። ጎንደር ደግሞ በዚህ ታሪክ ልዩ ቦታ አላት። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ፣ ከጤና መኮንኖችና ከኮሚኒቲ ነርሶች ጋር ሳኒታሪያኖችን አሠልጥኗል። ከሳኒታሪያን ሥራዎች አንዱ የምግብና የሥጋ ቁጥጥር ነው። ዩኒቨርሲቲው ዛሬ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም አለው፤ ተመራማሪዎችም በከተማው ኤልፎራ ቄራ በተደጋጋሚ ጥናት አድርገዋል። ኮሶን፣ የጉበት ትልንና ውሃ የቋጠረውን ከረጢት የተመለከቱት ጥናቶች ሁሉ በሽታዎቹ በአካባቢው ከብት ላይ መኖራቸውን አሳይተዋል።

ማኅተሙ ግን ሁለት ድክመቶች አሉበት። አንደኛው የዘዴው ነው። መርማሪው መንጋጋውን፣ ምላሱንና ልቡን ሰንጥቆ በዓይኑ ያያል፤ ዕጩ ጥቂት ከሆነ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ማኅተም ያለበት ሥጋም መብሰል አለበት።

ሁለተኛው የመድረስ ችግር ነው። በአገራችን በጉና ፍየሉ በአብዛኛው የሚታረደው በየቤቱ ነው፤ በበዓል ጊዜ በሬውም በቅርጫ ይታረዳል። በአድሐ ዕለት ከሰላት በኋላ ባሉት ሰዓታት በየግቢው የሚታረደውን በግ ሁሉ የሚመረምር ኃይል የለም። ወደ ዳባት፣ ደባርቅና ጃናሞራ ሲወጣ ቄራም ሐኪምም ይርቃል። በዚያ አገር ያለው መርማሪ አራጁ ነው።

ሁለቱን የማገናኘት ሐሳብ

ሦስተኛው አቋም ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ መመለስ ይቻላል የሚል ነው። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ 168ኛ አንቀጽ የሚበላው የተፈቀደም መልካምም እንዲሆን ስለሚያዝ፣ የዘመኑ የሐላል ሊቃውንት የምግብ ደኅንነትን «መልካም» በሚለው ውስጥ ያስገቡታል። ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪው ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ በ1997 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የሐላል መመሪያም ሐላል ምግብ አጠቃላይ የምግብ ንጽሕና መርሆችን ተከትሎ እንዲዘጋጅ ይጠይቃል።

ለዚህ ጠንካራውን ማስረጃ የሰጠው የውጭ ንግድ ነው። በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በተነሣ ጊዜ ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባውን የቁም እንስሳ አገደች። ከሳዑዲ በላይ ለሐላል የሚጨነቅ ገዢ የለም፤ ሆኖም በሽታ በመጣ ጊዜ ሐላል ብቻውን አላሳለፈም። ዛሬ ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚላከው የበግና የፍየል ሥጋ የሐላል የምስክር ወረቀትም የጤና የምስክር ወረቀትም ይዞ ይሄዳል። ለዱባይ በላተኛ የተሟላው ለአዲስ ዓለም በላተኛ አልተሟላም።

ያልተቋጩ ነጥቦች

በአገር ውስጥ ገበያ ሐላልን የሚያረጋግጠው ማን ነው? እስካሁን ዋስትናው የባለ ሉካንዳው ስምና በሩ ላይ ያለው ጨረቃ ነው። ሰው ከሰው በሚተዋወቅበት ሰፈር ይህ በቂ ነበር፤ ከተማው ሲሰፋና ሥጋው ከሩቅ ሲመጣ ግን መተማመኑ ይሳሳል።

ሌላው የመሣሪያ ነገር ነው። ሙስሊሙ ቢላዋና መክተፊያ እንዳይቀላቀል የሚጠነቀቀው ለእምነቱ ነው። የጤና ባለሙያውም ጀርም ከጥሬ ሥጋ ወደ ሰላጣ እንዳይሻገር ያንኑ ይመክራል። ነገር ግን ለእምነት የተለየ ቢላዋ በሳሙናና በፈላ ውሃ ካልታጠበ በራሱ ሐላል ሥጋ ላይ በሽታ ያስተላልፋል።

ዶሮ የሚያርደው ማን ነው የሚለውም ይነሣል። ሐዲሱ የሴት እርድ የተፈቀደ መሆኑን ያሳያል፤ በልማድ ግን ብዙ ሴት ዶሮዋን ይዛ የሚያርድላት ወንድ፣ ትንሽ ልጅም ቢሆን፣ ትፈልጋለች። ዶሮዋን አጥባና ብልት አውጥታ የምታዘጋጀው፣ ስለ ንጽሕናዋ የምታውቀውም እርሷ ስለሆነች ሥልጠና ከታሰበ ለሴቶቹም መድረስ አለበት።

የመጨረሻው የመተማመን ጥያቄ ነው። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ በአንድ ሼህ ቀብር ላይ በተነሣው ጥቃት ሰዎች ተገድለዋል፣ ንብረትም ወድሟል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ጦርነትም በየገጠሩ የመንግሥትን አገልግሎት አዳክሟል። የሥጋ መርማሪው የአንድ ወገን ሰው ተደርጎ ከታየ ማኅተሙ አይታመንም። ገበታ መለየቱ ራሱ ግን ጠብ አይደለም፤ ለጎረቤቱ በግ ለይቶ የሚሰጥ ሰው የጎረቤቱን እምነት አክብሯል።

ፍርዱ

ሐላል ለእምነት ጥያቄ የተሟላ መልስ ነው፤ ለበሽታ ጥያቄ ግን ከፊል መልስ ብቻ ነው። ማኅተሙም በበኩሉ ስለ እምነት አይመልስም፤ ስለ በሽታም ቢሆን የሚመሰክረው ለደረሰበት ሥጋ ነው። በጎንደር የሚያዋጣው አዲስ ተቋም ከመጠበቅ በፊት ያሉትን ማገናኘት ነው። የየሰፈሩና የየቀበሌው ሙስሊም አራጆች በዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሐኪሞች አጭር ሥልጠና ቢያገኙ፣ ጉበትና ሳንባ አገላብጦ ማየትን፣ የታመመውን መለየትን፣ አባ ሰንጋ የተጠረጠረውን አለመንካትን ይማራሉ። ኢማሞችም ከአድሐ በፊት ባለው ጁሙዓ በኹጥባቸው ቢያነሡት መልእክቱ ማኅተሙ የማይደርስበት ግቢ ድረስ ይገባል።

አንባቢም የራሱ ድርሻ አለው። ሥጋ ሲገዙ ማን እንዳረደው ብቻ ሳይሆን የት እንደተመረመረም ይጠይቁ። በቤትዎ ሲያርዱ ከረጢት ያለበትን ጉበትና ሳንባ ለውሻ አይጣሉ፤ ያቃጥሉት ወይም በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩት። ሥጋውንም አብስለው ይብሉ።